ፋላንክስ፦ ጉልበቱ የት ነው?

ተረት፦ ፋላንክስ የተባለው የጥንት መቄዶንያውያን የእግረኛ ሰልፍ በራሱ ጉልበት የማይደፈር ግንብ ነበር። ይህንኑ ስም የሚጋሩት የጣት አጥንቶችም የሚታጠፉት ጣት ውስጥ ባለ ጡንቻ ነው።

እውነታ፦ የሁለቱም ስህተት አንድ ነው፤ ዓይን የሚያየውን ረድፍ የኃይል ምንጭ አድርጎ መውሰድ። መቄዶንያዊው ወታደር ከ5 እስከ 6 ሜትር ገደማ የሚረዝመውን ሳሪሳ የተባለ ጦር በሁለት እጁ ይይዛል። ታሪክ ጸሐፊው ፖሊቢየስ እንደሚለው የ5ቱ የፊት ረድፎች ጦር ከግንባሩ አልፎ ስለሚወጣ፣ ጠላት በአንድ ሰው ፊት 5 የጦር ጫፎች ይጠብቁታል። ያው ወታደር ለብቻው ሲቀር ግን ያን ረጅም ጦር ይዞ ለመዞር እንኳ ይቸገራል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ197 በኪኖስኬፋላይ ኮረብቶች የመቄዶንያው ንጉሥ የፊልጶስ 5ኛ ቀኝ ክንፍ ሮማውያንን ቁልቁል እየገፋ ነበር፤ ግራ ክንፉ ግን ገና በወጉ አልተሰለፈም። አንድ የሮማ መኮንን ጥቂት ጭፍራ ይዞ ዞረና ድል ላይ የነበረውን ክንፍ ከጀርባው መታው። ከ29 ዓመት በኋላ በፒድና ደግሞ ወጣ ገባው መሬት ሰልፉን ሲከፋፍለው ሮማውያን በክፍተቱ ሰርገው ገቡ። በሁለቱም ቦታ የጎደለው ጦረኛ ሳይሆን መያያዝ ነበር።

የእጅም ነገር እንዲሁ ነው። በአንድ እጅ 14 የጣት አጥንቶች አሉ፤ በአውራ ጣት 2፣ በቀሩት 3፣ 3። ጣትን የሚያጥፉት ዋና ጡንቻዎች ከክርን በታች ባለው ክንድ ላይ ናቸው፤ ረጃጅም ጅማቶቻቸው በእጅ አንጓ አልፈው አጥንቶቹን ይስባሉ። ጡጫ ጨብጦ ክንዱን በሌላው እጁ የዳሰሰ ሰው ጡንቻው ሲወጠር ይሰማዋል። መዳፍ ውስጥም ትንንሽ ጡንቻዎች አሉ የሚል ቢኖር እውነቱን ነው፤ እነሱም ቢሆኑ ጣቱን የሚያንቀሳቅሱት ከውጭ ሆነው ነው።

«ታዲያ የመቄዶንያው ታላቁ አሌክሳንደር በፋላንክስ ፋርስን አላሸነፈም?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። አሸንፏል፤ ነገር ግን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ331 በጋውጋሜላ ፋላንክሱ ግንባሩን ሲይዝ፣ በተከፈተው ክፍተት ወደ ፋርሱ ንጉሥ ዳርዮስ የገሰገሰው አሌክሳንደር ራሱ የመራው ፈረሰኛ ነበር። ፖሊቢየስም ፋላንክስን ከፊት ለፊት የሚቋቋመው እንደሌለ ይመሰክራል፤ ሜዳው ለጥ ያለ፣ ሰልፉም ያልተዛነፈ እስከሆነ ድረስ።

ይህን ማወቅ ለሐኪም ቤትም ይጠቅማል። ጣቱን ቢላ የቆረጠው ሰው በራጅ አጥንቱ ደህና ነው ስለተባለ ብቻ አይረጋጋ፤ የጣቱ ጫፍ አልታጠፍ ካለ ጅማቱ ሳይመረመር መሄድ የለበትም።