የስሜን ገብስና ጭስ አልባው ሙቀት

ከጎንደር ተነሥቶ በወገራ በኩል ወደ ዳባትና ወደ ደባርቅ የሚወጣ መንገደኛ፣ ወራቱ መኸር ከሆነ ከግራም ከቀኝም የሚያየው ገብስ ነው፤ ደባርቅን አልፎ ሲወጣ ደግሞ አስታና ጓሳ የለበሰው፣ የዋልያና የጭላዳ ርስት የሆነው የስሜን ተራራ ይቀበለዋል። እነዚህ ሁለቱ፣ ይኸውም ገብሱና ደኑ፣ በአንድነት ሲታሰቡ እምብዛም አይሰማም፤ ነገር ግን እህሉን ለማብሰልና ለመጥመቅ የሚያስፈልገው ሙቀት ከጥንት ጀምሮ ከማገዶ ሲገኝ ስለ ኖረ፣ የእርሻው በረከት ለደኑ ዕዳ ሆኖበታል። እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ፓርክ በ1996 አደጋ ካንዣበበባቸው ቅርሶች ተርታ ገብቶ እስከ 2017 ድረስ በዚያው መቆየቱ፣ የእርሻና የግጦሽ መስፋት ብዙውን ድርሻ ቢይዝም፣ የዚህ ዕዳ ምስክር ነው።

ሙቀትን ያለ ጭስ የማግኘት ጥበብ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1850ዎቹ ፒተር ፎን ሪቲንገር የተባለ የኦስትሪያ መሐንዲስ በኤበንዜ የጨው ማምረቻ፣ ከፈላው የጨው ውኃ የሚወጣውን እንፋሎት በመጭመቅና በማጋል መልሶ ያንኑ ውኃ እንዲያፈላ ማድረጉ፣ ለማገዶ ቁጠባ ሲባል የተደረገ ነበር፤ የሚሠራበትም ፈሳሽ ራሱ ውኃ እንጂ ሌላ አልነበረም። ዛሬ የሙቀት ፓምፕ የሚባለው መሣሪያ ሥራውም ይኸው ነው፤ ሙቀትን አይፈጥርም፣ ዝቅ ብሎ የተኛውን ሙቀት ውኃ ከጉድጓድ እንደሚቀዳ ወደ ላይ ያወጣዋል እንጂ።

ጉዳዩ ለእኛ አገር የሚቀርበው በብቅል በኩል ነው። የዳባት እናት ለጠላዋ ብቅሉን በፀሐይ ታሰጣለች፤ ለእርስዋ ማሽን አያስፈልጋትም። ለቢራ የሚሆነው ብቅል ግን፣ ጎንደር ላይ እንደ ተተከለው ባለ ፋብሪካ፣ የበቀለው ገብስ ከመቶ 45 ገደማ ከሆነው እርጥበቱ ወደ 5 እንዲወርድ፣ መጀመሪያ በ50 ወይም በ60፣ በመጨረሻም በ80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ በሚደርስ ትኩስ አየር ይደርቃል፤ ያ አየር ከሥራው በኋላ እርጥብና ለብ ያለ ሆኖ በጣራ በኩል ሲወጣ፣ የተከፈለበትን ሙቀት አብሮ ይዞ ይሄዳል። ያንን ሙቀት ይዞ፣ ወደ 80 ዲግሪ ከፍ አድርጎ መመለስ ቢቻል፣ ለአንድ እጅ ኤሌክትሪክ ሦስት እጅ ያህል ሙቀት ይገኛል። ለእንጀራ ምጣድ ግን 200 ዲግሪ ገደማ ስለሚያስፈልግ ይህን ጥበብ ለወጥ ቤት መስበክ ከንቱ ነው፤ ስፍራው ፋብሪካ ነው።

በመሣሪያው ውስጥ የሚዘዋወረው ፈሳሽ ምን ይሁን የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። ሰው ሠራሽ ከሆኑት አንዱ፣ አር-134ኤ፣ ወደ ሰማይ ሲያመልጥ ምድርን በማሞቅ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 1,430 ጊዜ ያህል ይበልጣል፤ ባሕርያዊ የሆኑት ግን፣ አሞኒያ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ቡቴንና ውኃ፣ እንዲህ ያለ ዕዳ አይጥሉም ማለት ይቻላል። በኖርዌይ የድራመን ከተማ የአሞኒያ ፓምፕ ከ8 ዲግሪ የባሕር ውኃ ሙቀት ወስዶ እስከ 90 ዲግሪ ውኃ ማሞቅ ከጀመረ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኗል። አሞኒያ መርዝ መሆኑ እውነት ነው፣ ቡቴንም ይቀጣጠላል፤ ነገር ግን አሞኒያ በቢራ ጠመቃ ማቀዝቀዣዎች ዘንድ አዲስ እንግዳ ስላልሆነ፣ የሚፈለገው ሠራተኛን ማሠልጠንና የማስጠንቀቂያ መሣሪያ መትከል ነው።

ኃይሉስ ከወዴት ይምጣ? ከስሜን በስተምሥራቅ የሚያልፈው ተከዜ 300 ሜጋ ዋት ያመነጫል፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀውም የሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። የሚጎድለው ውኃው ሳይሆን፣ መሥመሩ ሳይቋረጥ እንዲደርስና መሣሪያው ከውጭ ሲገባ የውጭ ምንዛሬ እንዲገኝለት ነው፤ በእነዚህ ሁለት ነገሮች ላይ ሳይወሰን ስለ ጭስ አልባ ሙቀት መናገር ባዶ ስብከት ይሆናል። ስለዚህ የብቅል ፋብሪካ ባለቤቶች፣ ያረጀ ቦይለራቸውን በሌላ ቦይለር ለመተካት ከመዋዋላቸው በፊት፣ በጣራቸው የሚወጣው አየር ምን ያህል ሙቀት እንደሚይዝ ያስለኩ፤ መንግሥትም ለቦይለር የሚሰጠውን የብድርና የቀረጥ አስተያየት ለሙቀት ፓምፕም ይስጥ።