እማማ፣ መጀመሪያ የተከራዩት ቤት የት ነበር?

በአዲስ አበባ በሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አካባቢ የኖሩ እናቶችን ስለ እርጅና ስጠይቅ በዕድሜ አልጀምርም። «እማማ፣ መጀመሪያ የተከራዩት ቤት የት ነበር?» እላለሁ። ከቤቱ ባል ይመጣል፤ ከባል ልጅ፣ ከልጅ ጠላ ጠመቃው፣ ከጠመቃው የጉልበት ሕመሙ። የሕይወት ታሪክ ጥናት ይኸው ነው፤ መጠይቅ ከመሙላት ይልቅ ባለታሪኳን በራሷ ቅደም ተከተል ማዳመጥ። ጁዲት ኦልምስቴድ የተባለች አንትሮፖሎጂስት በጋሞ ደጋ መሪ የነበሩትን የጭማቴን ሕይወት እንዲህ አዳምጣ በ1997 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ አውጥታለች።

እማማዎቹ ዓመተ ምሕረት እምብዛም አይጠሩም። «በታኅሣሡ ግርግር አራስ ነበርኩ» ሲሉኝ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራው ዓመት ነውና 1953 ብዬ እጽፋለሁ። ሁሉም የሚያስታውሱት ግን ሐምሌ 1967ን ነው። ትርፍ ቤት በአዋጅ ሲወረስ ተከራይዋ የቀበሌ ቤት አገኘች፤ ሁለት ክፍል ታከራይ የነበረችው ጎረቤቷ ደግሞ ለስተርጅና ያሰበችውን ገቢ አጣች። አዋጁ አንድ ነው፤ እርጅናው ግን ተለያየ።

የመንግሥት ጡረታ ደመወዝተኛ ለነበረ ነው። እንጀራ ጋግራ ልጅ ያሳደገች ሴት ጡረታዋ ልጆቿ፣ ዕድሯና ጎረቤቷ ናቸው። በ2016 የፒያሳው ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ሲፈርስ ከቤቱ ይልቅ ያሳሰበኝ የዚህ ጡረታ መበተን ነው። ቡና የምታፈላላቸው ጎረቤት ሌላ ክፍለ ከተማ ስትገባ፣ ሲታመሙ በር የሚያንኳኳ ማን ነው?

እማማዎቹ ግን ልጆቻቸው አጠገባቸው ካሉ ስለ ችግር አያወሩም፤ «ተመስገን» ብለው ያልፉታል። ስለዚህ ልጆቹ ሥራ በሚውሉበት ሰዓት እሄዳለሁ፤ «ይቺን አትቅጂ» ሲሉኝም መቅረጫውን አጠፋለሁ።