የጨረር ቁስል በድንጋይ ውስጥ

ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ፣ ኮሶዬ ላይ ገደሉ የሚያሳየው በላይ በላዩ የፈሰሰ ባዛልት ነው። የሰሜን ምዕራቡ ደጋ ባዛልት አብዛኛው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት መፍሰሱ በአርጎን ልኬት ታውቋል። ጨረር በክሪስታል ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ለሚያጠና ግን ይህ ገደል ብዙም አይጠቅምም፤ ባዛልት ዩራኒየሙ ትንሽ ነው፣ ዚርኮንም አይበዛበትም። የሚፈለገው ዚርኮን ያለበት የእሳተ ገሞራ አመድ ነው፤ የእሱ ትልቁ ታሪክ ደግሞ ከኦሞ ጋር ይያያዛል።

ዚርኮን የዚርኮኒየም፣ የሲሊከንና የኦክስጅን ክሪስታል ሲሆን ሲፈጠር ዩራኒየም ይዞ ይፈጠራል። ዩራኒየሙ በሁለት መንገድ ይጎዳዋል። አንደኛው አልፋ ቅንጣት ሲወጣ ነው። ጥፋቱ የፈጣኗ ቅንጣት ይመስላል እንጂ እሷ የምታፈናቅለው መቶ ያህል አቶም ብቻ ነው፤ ወደ ኋላ የሚገፋው ከባዱ ኒውክለስ ግን በአጭር ርቀት ውስጥ ሺህ ያህሉን ከቦታቸው ይነቅላል። ይህ ሲጠራቀም ክሪስታሉ ሥርዓቱን ያጣል፣ እስከ 18 በመቶም ያብጣል። ሁለተኛው ብርቅ ነው፦ ኒውክለሱ ራሱ ለሁለት ይሰነጠቅና 10 ማይክሮሜትር ገደማ የሚረዝም ዱካ ይተዋል።

ዱካው እንዲሁ አይታይም። ዚርኮኑ ተሞርዶና ተወልውሎ በቀለጠ አልካሊ ውስጥ ለሰዓታት ሲቆይ፣ አልካሊው የተጎዳውን መስመር ቀድሞ ይበላዋል፤ ያኔ በማይክሮስኮፕ ቀጫጭን ጭረቶች ብቅ ይላሉ። እነሱን ቆጥሮ፣ ዩራኒየሙን ለክቶ ዕድሜ ይሰላል። ድንጋዩ ለረጅም ጊዜ ከጋለ ግን አቶሞቹ ወደ ቦታቸው ይመለሳሉ፣ ዱካውም ይጠፋል፦ አፓታይት በተባለው ማዕድን ከ110 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ፣ በዚርኮን ከ200 ዲግሪ በላይ። ቆጠራው የሚነግረን እንግዲህ ድንጋዩ ለመጨረሻ ጊዜ የቀዘቀዘበትን ዘመን ነው።

ከቱርካና ሐይቅ በስተምሥራቅ ያለው ኬቢኤስ የተባለው የአመድ ንብርብር እ.ኤ.አ. በ1976 በዚርኮን ዱካ ተለክቶ 2.44 ሚሊዮን ዓመት ተባለ። እዚያ የተገኙት የአሳማ ቅሪተ አካላት በኦሞ ከተገኙት ጋር ሲነጻጸሩ ግን ንብርብሩ ከዚያ ማነስ ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ1980 ተመራማሪው አንድሪው ግሊዶው ዱካዎቹን እንደገና ቆጥሮ 1.87 ሚሊዮን አገኘ። ዕድሜው ባልገፋ ዚርኮን ዱካው ጥቂት ነው፤ አልካሊው በደንብ ካልበላው ደግሞ እውነተኛውን ዱካ ከሌላ እንከን መለየት ያስቸግራል። በዚህ ሙግት፣ እንደ እኔ፣ አሳማዎቹ ፊዚክሱን ረትተውታል።

ጨረር ክሪስታልን እንዴት እንደሚጎዳ የሚያስረዳው ይኸው እውቀት ወደ ኑክሌር ቆሻሻ ማቆያም ተሻግሯል። አውስትራሊያዊው ቴድ ሪንግዉድ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ሲንሮክ የተባለውን ሰው ሠራሽ ድንጋይ ሐሳብ አቀረበ፤ መነሻው ዩራኒየምን ለዘመናት ይዘው የቆዩ የተፈጥሮ ማዕድናት ናቸው። በኋላ የመጡ ሙከራዎች እንዳሳዩት ፓይሮክሎር የተባለው ክሪስታል ታይታኒየም ሲኖርበት ቶሎ ይፈርሳል፤ ታይታኒየሙ በዚርኮኒየም ሲተካ ግን አቶሞቹ ቦታ ቢለዋወጡም ክሪስታልነቱ ይቆያል። የማመንጫ ነዳጅ የሆነው ዩራኒየም ኦክሳይድም እንዲሁ ቻይ ነው።

የላቦራቶሪው ችግር ጥድፊያው ነው፦ በአዮን ጨረር የሺህ ዓመታትን ጉዳት በሰዓታት ያደርሳል፣ ዝግ ያለውን ማገገም ግን አያሳይም። ለዚህ የተፈጥሮ ዚርኮን ያስፈልጋል፤ ከ600 ሚሊዮን ዓመት በላይ ያስቆጠረ ደግሞ ከባዛልቱ ሥር ወጥተው በትግራይና በምዕራብ ኢትዮጵያ በሚታዩት ጥንታዊ ግራናይቶች ውስጥ አለ።