ወደብ፣ በር ወይስ መሰኪያ? ስለ ላፕቶፕ ማገናኛ ቃላት

በአዲስ አበባ ሰሜናዊ ክፍል፣ በጉለሌ፣ ከአዲሱ ገበያ እስከ ሽሮ ሜዳ ባሉት መንገዶች የስልክና የኮምፒዩተር ዕቃ የሚሸጡና የሚጠግኑ ሱቆች ይገኛሉ። በእነዚህ ሱቆች ገዥና ሻጭ የሚግባቡት «ቻርጀር»፣ «አዳፕተር»፣ «ፖርት»፣ «ታይፕ ሲ» በሚሉ ቃላት ነው። ቃላቱ ባዕድ መሆናቸው ብቻውን ጉዳት የለውም፤ «ስልክ»ን ከዐረብኛ፣ «መኪና»ን ከጣልያንኛ የተቀበለ ቋንቋ እነዚህን ቢጨምር አይጐድልበትም። ችግሩ አንዱ ቃል ለሁለትና ለሦስት ልዩ ልዩ ነገሮች ማገልገሉ ነው። ስሙ ያልተለየ ዕቃ ገዥውን ለማይጠቅም ወጪ ይዳርገዋል። ስለሆነም የአንዳንዶቹን ስያሜ ቀጥለን እንመረምራለን።

ሀ. የነገሩ አመጣጥ

ቀድሞ ኮምፒዩተር ለየተቀጽላ መሣሪያው የተለየ ቀዳዳ ነበረው፤ ለማተሚያው አንድ፣ ለቁልፍ ሰሌዳው ሌላ፣ ለምስል ማሳያው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣው ቪጂኤ። ይህን ብዛት ለመቀነስ እ.ኤ.አ. በ1996 ዩኤስቢ የተባለው ደንብ ወጣ። በ2014 ዩኤስቢ ሲ ተከተለ፤ ይኸውም 24 የመገናኛ ነጥቦች ያሉት፣ በየትኛውም ገጹ ቢገለበጥ የሚገባ፣ ኤሌክትሪክን፣ መረጃንና ምስልን በአንድ ገመድ ሊያስተላልፍ የሚችል ማገናኛ ነው።

አፕል እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣቸው ማክቡክ ፕሮ ላፕቶፖች ላይ፣ ከጆሮ ማዳመጫው በቀር፣ ይህን ቅርጽ ብቻ አስቀረ። ተጠቃሚዎችም ለነባር ዕቃዎቻቸው አዳፕተር መግዛት ግድ ስለሆነባቸው ብርቱ ክርክር ተነሣ። ኩባንያው በ2021 የኤችዲኤምአይንና የማስታወሻ ካርድን ቀዳዳዎች መለሰ። የአውሮፓ ኅብረት በበኩሉ በ2022 ባወጣው ሕግ፣ ለገበያ የሚቀርቡ አዲስ ስልኮች ከዲሴምበር 2024፣ እስከ 100 ዋት የሚሞሉ ላፕቶፖች ደግሞ ከኤፕሪል 2026 ጀምሮ ዩኤስቢ ሲን እንዲይዙ ደነገገ።

ለ. መሰኪያና ተሰኪ

በአማርኛ «መ—ያ» የሚለው የስም ቅርጽ መሣሪያንም ቦታንም ይሰይማል። የሽሮ ሜዳ ሸማኔ ማጉን በድሩ መካከል የሚያሳልፍበት «መወርወሪያ» መሣሪያ ነው፤ «መግቢያ» ግን ቦታ ነው። «መጻፊያ» ብንል እርሳሱም ወረቀቱም ሊሆን ይችላል። «ሰካ» ከሚለው ግሥ የወጣው «መሰኪያ»ም እንዲሁ የሚገባውን ጫፍና የሚቀበለውን ቀዳዳ አጣምሮ ይይዛል። «መሰኪያው ተሰብሯል» ቢባል የተሰበረው የገመዱ ጫፍ ይሁን የላፕቶፑ ቀዳዳ አይለይም፤ የመጀመሪያው ገመድ በመለወጥ ይታለፋል፣ ሁለተኛው ግን ላፕቶፑን ማስፈታት ይጠይቃል።

ባለሙያዎች «ወንዴ»ና «ሴቴ» እያሉ ሁለቱን ይለያሉ። አነጋገሩ ለአሮጌዎቹ ማገናኛዎች የሠመረ ነው። በዩኤስቢ ሲ ግን በቀዳዳው መካከል ምላስ የመሰለ ቅጠል አለ፤ ወደ ገመዱ ጫፍ ውስጥ የሚገባውም እርሱ ነው። ስለዚህ የትኛው ወንዴ እንደሆነ ያጠራጥራል። እኛ የገመዱ ጫፍ «ተሰኪ»፣ ቀዳዳው «መሰኪያ» ቢባል እንመርጣለን።

«ፖርት»ን «ወደብ» ብሎ መተርጐም አይገባም። የእንግሊዝኛው ቃል ሁለት የላቲን ምንጮች አሉት፤ አንዱ «ፖርቱስ»፣ የመርከብ ማረፊያ፣ ሌላው «ፖርታ»፣ በር ነው። የኮምፒዩተሩ ቀዳዳ በትርጉም የሚቀርበው ለበሩ ነው። ሆኖም «በር» የሚለውን ቃል በመረጃ መረብ ውስጥ በቁጥር ለሚታወቁትና በዐይን ለማይታዩት መግቢያዎች ማቆየት ይሻላል።

ሐ. አስማሚና ለዋጭ

«አዳፕተር» ዛሬ ቢያንስ ሁለት ነገሮችን ይጠራል። አንደኛው የአንዱን ቅርጽ ተሰኪ ከሌላው ቅርጽ መሰኪያ ጋር የሚያገናኝ ትንሽ ዕቃ ነው። ለዚህ «አስማሚ» የሚለው ቃል እጅግ ተስማሚ ነው፤ የተጣሉትን የሚያስማማ ሽማግሌ የሁለቱንም ባሕርይ አይለውጥም፣ መግባቢያ ብቻ ይሰጣቸዋልና። ሁለተኛው ግን የሚያልፍበትን ነገር ራሱን ይለውጣል። የላፕቶፕ ቻርጀር ከግድግዳ የሚመጣውን የ220 ቮልት ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ወደ 20 ቮልት ገደማ ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ይመልሳል። ከዩኤስቢ ሲ ወደ ቪጂኤ የሚያደርሰውም ዕቃ የምስሉን ምልክት ዓይነት ይለውጣል። እነዚህን «ለዋጭ» እንላቸዋለን። ልዩነቱ የቃላት ጨዋታ አይደለም፤ ለዋጭ በሚያስፈልግበት ቦታ አስማሚ ብቻ የሰካ ሰው መሣሪያው አይሠራለትም፣ ሊቃጠልበትም ይችላል።

መ. «ሁለገብ» የሚለው ቅጽል

አዲሱን ማገናኛ «ሁለገብ ማገናኛ» እንበለው የሚሉ አሉ። የዩኤስቢ ምሕፃረ ቃል የመጀመሪያ ፊደል ራሱ «ሁለንተናዊ» የሚል ትርጉም ስላለው ሐሳቡ መሠረት አለው። ዳሩ ግን ያ ስም የተሰጠው ለደንቡ እንጂ ለእያንዳንዱ ገመድ አይደለም። በመልክ አንድ ከሆኑት የዩኤስቢ ሲ ገመዶች አንዱ 60 ዋት ብቻ ሲያሳልፍ፣ ሌላው በ2021 በተሻሻለው ደንብ መሠረት እስከ 240 ዋት ያሳልፋል። አንዱ በሰከንድ 480 ሚሊዮን ቢት ሲያስተላልፍ ሌላው 40 ቢሊዮን ያስተላልፋል። አንዳንዱ መሰኪያም ምስል ከቶ አያወጣም። «ሁለገብ» የተባለውን የገዛ ሰው ይህን ሁሉ እንደሚያገኝ ይጠብቃል፤ ቃሉ ዕቃው የማይፈጽመውን ተስፋ ይሰጠዋል።

ስለዚህ ስያሜው ቅርጹን ብቻ ይንገር፣ ችሎታው በቁጥር ይገለጽ እንላለን። «ሲ» የሚለው ፊደል በሕዝብ አፍ ስለ ገባ እንዳለ ይቆይ፤ «ሲ ተሰኪ»፣ «ሲ መሰኪያ» ይባል። ገዥውም «100 ዋት የሚያሳልፍ፣ ሁለቱም ጫፉ ሲ ተሰኪ የሆነ ገመድ» ብሎ ቢጠይቅ ሻጩ የትኛውን እንደሚያወርድለት ያውቃል።

በአጭሩ ያቀረብናቸው ስያሜዎች አምስት ናቸው፤ ተሰኪ፣ መሰኪያ፣ አስማሚ፣ ለዋጭ፣ እንዲሁም ለመረጃ መረብ መግቢያ በር። በየሱቁና በየጥገና ቤቱ ከእነዚህ የተሻለ ቃል ሲነገር የሰሙ አንባብያን ቢያስታውቁን፣ ስያሜዎቹን ከሕዝቡ አነጋገር ጋር አነጻጽረን እናሻሽላቸዋለን።