ጡረተኛው ሯጭ ቤት ሲገባ

በጋሞ ደጋ፣ ገረሴ ውስጥ ውሻ ለመያዝ ቅጽ አይሞላም። የጎረቤት ውሻ ስትወልድ ወሬው ይደርሳል፤ ቡችላው ዓይኑን ገልጦ መላስ ሲጀምር ልጅ ተልኮ አቅፎ ያመጣዋል። ከዚያ በኋላ ውሻው ደጅ ያድጋል፣ የተረፈውን ይበላል፣ ሌሊት ጅብ ሲመጣ ይጮሃል፣ ጃርት እንሰት ውስጥ ሲገባ ያባርራል። ባለቤቱን ማንም አይመረምረውም።

ከዚህ ደጋ ወጥቶ ሜልበርን የገባ፣ የሐበሻ ምግብ ቤቶች በተደረደሩበት በፉትስክሬይ ሰፈር የሚኖር የጋሞ ልጅ ግሬይሃውንድ የሚባለውን ውሻ ልውሰድ ቢል ነገሩ ሌላ ነው። አጥርህ ምን ያህል ከፍታ አለው? ድመት አለህ? የጎረቤትህስ ድመት? ቤትህ ደረጃ አለው? ውሻው በቀን ስንት ሰዓት ብቻውን ይውላል? ትንሽ ልጅ አለ? አንዳንዶቹ ማኅበራት ቤት ድረስ መጥተው ግቢውን ያያሉ። ለአገራችን ሰው ይህ ልጅ ለመጠየቅ ሽማግሌ ከመላክ የባሰ ይመስላል፤ ያውም ለውሻ!

ጥያቄዎቹ ግን ሰውን ለማድከም የተፈጠሩ አይደሉም። አንድ በአንድ ውሻው ካሳለፈው ሕይወት የተቀዱ ናቸው።

ግሬይሃውንድ ደረቱ ጥልቅ፣ ወገቡ ቀጭን፣ እግሩ ረጅም የሆነ ውሻ ነው። ጠረን ተከትሎ ሳይሆን በዓይኑ አይቶ የሚያድን ዘር ነው፤ ስለዚህ ሩቅ ያያል፣ ያየውንም ወዲያው ያሳድዳል። በሰዓት ወደ 70 ኪሎ ሜትር ይፈተለካል። ሲጋልብ በአንዱ እርምጃ ውስጥ አራቱም እግሮቹ ሁለት ጊዜ መሬት ይለቃሉ፤ አቦሸማኔም የሚሮጠው እንዲሁ ነው። እኛ ዘንድ ሯጭ ሲባል የሚታሰበን አሥር ሺህ ሜትርና ማራቶን ነው። የዚህ ውሻ ውድድር ግን ብዙውን ጊዜ 500 ሜትር አካባቢ ሆኖ በግማሽ ደቂቃ ያበቃል።

ይህን ችሎታ ወደ ገንዘብ የቀየረው ማሽን ነው። ኦወን ፓትሪክ ስሚዝ የተባለ አሜሪካዊ በሐዲድ ላይ የሚሮጥ ሰው ሠራሽ ጥንቸል ሠራ፤ እ.ኤ.አ. በ1919 ካሊፎርኒያ ውስጥ ኤመሪቪል ላይ በዚሁ የሚሠራ መም ተከፈተ። በ1926 ማንቸስተር ቤል ቩ ላይ የእንግሊዙ ተከተለ። ጥንቸሏ ትሮጣለች፣ ውሾቹ ይከተላሉ፣ ሕዝቡ ይወራረዳል። የሠራተኛው መደብ መዝናኛ ሆኖ ከአየርላንድ እስከ አውስትራሊያ ተስፋፋ።

የውሻው ኑሮ ደግሞ እንዲህ ነው። እርባታ ጣቢያ ይወለዳል፤ ዓመት ከመንፈቅ ገደማ ሲሆነው መወዳደር ይጀምራል፤ ቢበዛ አራትና አምስት ዓመቱ ላይ፣ ከተጎዳ ወይም ፍጥነቱ ካልበቃ ከዚያም በፊት፣ ይባረራል። ዕድሜው ግን 12 እና ከዚያ በላይ ሊደርስ ይችላል። የቀረውን ዘመን የት ይኑር? ለብዙ አሥርት ዓመታት መልሱ አጭር ነበር፦ ይገደላል። በ2006 በሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ ሲሃም በምትባል ከተማ አንድ ሰው በዓመታት ውስጥ በሺዎች የሚቆጠሩ ግሬይሃውንዶችን እየገደለ መሬቱ ላይ ሲቀብር እንደኖረ አንድ ጋዜጣ ሲያጋልጥ አገሩ ደነገጠ። አሠልጣኞቹ ያመጡለት ነበር።

የጉዲፈቻው ሥራ የተወለደው ከዚህ ጉድ መጋለጥ ቀደም ብሎ፣ ከግድያው ራሱ ነው። ብሪታኒያ ውስጥ ጡረታ ለወጡ ግሬይሃውንዶች የቆመው ድርጅት በ1975 ተመሠረተ። የሜልበርኑን የጉዲፈቻ ፕሮግራም የሚያካሂደው ደግሞ፣ ልብ በሉ፣ ራሱ ከተማዋ ያለችበት የቪክቶሪያ ግዛት የእሽቅድምድም ባለሥልጣን ነው። በአንድ እጁ ያስሮጣል፣ በሌላው ጡረተኛውን ያድላል። ነቃፊዎች ይህን ስም ማጽጃ ይሉታል። እውነት አላቸው፤ ውሻው ግን ቤት ማግኘቱም እውነት ነው።

ወደ ጥያቄዎቹ እንመለስ። የድመቱ ጥያቄ ግልጽ ነው፤ ትንሽና ሯጭ ነገር እንዲያሳድድ የሠለጠነ ውሻ ድመትን ከዚያች ጥንቸል ላይለያት ይችላል። ስለዚህ ለሰው ከመሰጠቱ በፊት ከትናንሽ ውሾች ጋር፣ ሲጠየቅም ከድመት ጋር እያገናኙ ይፈትኑታል፤ በፈተናው ወቅት አፉ ላይ መከላከያ ያስሩለታል። ቪክቶሪያ ውስጥ ለማዳ የሆኑትም ግሬይሃውንዶች ጎዳና ላይ ይህን እንዲያስሩ ሕጉ ያስገድድ ነበር፤ ከጥር 2019 ጀምሮ ቀርቷል። በገመድ መያዝ ግን ዛሬም ግዴታ ነው፤ ምክንያቱም የሆነ ነገር አይቶ አንዴ ከፈተለከ ጥሪም ሆነ የመኪና ጥሩምባ አይመልሰውም። አጥሩን የሚጠይቁትም ለዚሁ ነው። አንገቱ ከጭንቅላቱ ስለሚሰፋ ተራ የአንገት ማሰሪያ ሾልኮ ይወጣል፤ ሲጎተት ጠበቅ የሚል ልዩ ማሰሪያ ያስፈልገዋል።

ደረጃውን የሚጠይቁት ብዙዎቹ ደረጃ አይተው ስለማያውቁ ነው። መስታወት በርም እንደዚሁ፤ ክፍት መስሎት ይጋጨዋል። ብቸኝነቱን የሚጠይቁት ከልደቱ ጀምሮ በብዙ ውሾች መካከል ስላደገ ነው፤ ባዶ ቤት ያስጨንቀዋል። የልጆቹ ጥያቄ የመጣው ከእንቅልፉ ነው። አንዳንዱ ዓይኑን ሳይከድን ይተኛል፣ በድንገት ሲነካ ደግሞ ደንብሮ ሊነክስ ይችላል፤ ስለዚህ መጀመሪያ በስሙ መጥራት ነው።

እንቅልፉ ራሱ ጉድ ነው። በዓለም ፈጣኑ ውሻ የቀኑን አብዛኛውን ክፍል ሶፋ ላይ ተዘርግቶ ያሳልፋል። አይጮህም ማለት ይቻላል። የገረሴ ሽማግሌ ቢያየው «ታዲያ ምን ያደርጋል?» ማለታቸው አይቀርም፣ መልስም የለኝም። ስቡ ጥቂት፣ ቆዳው ስስ፣ ፀጉሩ አጭር በመሆኑ ክረምት ላይ ልብስ ይለብሳል፤ በሐምሌ የገረሴ ጉም ውስጥ ጋቢ ሳይደርብ አይወጣም።

ለሐኪም ደግሞ እንግዳ ፍጡር ነው። በስቡ ማነስና በጉበቱ አሠራር ምክንያት አንዳንድ የማደንዘዣ መድኃኒት ከሰውነቱ ቶሎ አይወጣም፤ ይህን የማያውቅ ሐኪም ሊጎዳው ይችላል። በአንጻሩ ደሙ በቀይ ሴል የበለጸገና ብዙውን ጊዜ ለሌሎች ውሾች የሚስማማ ስለሆነ የእንስሳት ደም ባንኮች ይፈልጉታል።

ውሻው የሚሰጠው ተከትቦ፣ ጥርሱ ታይቶ፣ እንዳይራባ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ነው። የአሜሪካው ከሆነ መታወቂያው ጆሮው ላይ ነው፦ በግራው እናቱ በአንድ ጊዜ ለወለደቻቸው ሁሉ የተሰጠ የምዝገባ ቁጥር፣ በቀኙ የተወለደበት ወር፣ የዓመቱ የመጨረሻ አሃዝና ከእነዚያ መካከል እርሱን ለይታ የምታመለክት ፊደል ይነቀሳሉ። የውሉ ዋና አንቀጽ አንድ ነው፤ ማሳደግ ካልቻልክ ለሌላ ሰው አትስጥ፣ መንገድ ላይ አትጣል፣ ለእኛ መልስ። ቅጹና ምርመራው ቢቀርብን እንኳ ይህችን አንቀጽና ክትባቱን ብንወስድ ደስ ይለኛል። በዓለም ላይ ሰው ላይ ከሚደርሰው የእብድ ውሻ በሽታ 99 በመቶ ያህሉ የሚመጣው ከውሻ ነው፤ በከተሞቻችን ለዓመታት ያየነው መፍትሔ ደግሞ ባለቤት የሌለውን ውሻ በመርዝ መግደል ነው።

እሽቅድምድሙ ራሱ እየከሰመ ነው። ማካው ውስጥ የነበረው መም በ2018 ሲዘጋ ከ500 በላይ ውሾች ሜዳ ላይ ቀሩ፤ የእንስሳት ተሟጋቾች በየአገሩ ቤት ፈለጉላቸው። በዚያው ዓመት የፍሎሪዳ መራጮች በ69 በመቶ ድምፅ እሽቅድምድሙ በ2020 መጨረሻ እንዲያበቃ ወሰኑ፤ ዛሬ በመላው አሜሪካ የቀሩት በዌስት ቨርጂኒያ ያሉ ሁለት መሞች ናቸው። ኒውዚላንድም እንደምታቆም በታኅሣሥ 2024 አስታወቀች። አሜሪካ ውስጥ አሁን ጡረተኛ ግሬይሃውንድ ብርቅ ሆኗል፤ አመልካቾች ተራ ይጠብቃሉ፣ አንዳንድ ማኅበራትም ከአየርላንድና ከአውስትራሊያ በአውሮፕላን ያስመጣሉ። ሜልበርን ላለው የጋሞ ልጅ ግን ይህ አያሳስበውም። ቪክቶሪያ ውስጥ መሞቹ እየሠሩ ነው፤ እዚያ ተራ የሚጠብቁት ውሾቹ ናቸው።