ታማ ነው ወይስ ቆዳ ልትቀይር?

የእህቴ ልጅ ሲያትል ነው የሚኖረው። ይርጋጨፌ ተወልዶ፣ ቡና ሥር ኳስ እያንከባለለ ያደገ ልጅ ነው። እዚያ የተከራየው ቤት ውሻ ማስገባት አይፈቀድም አሉትና ሸረሪት ያሳድጋል። ሸረሪት ስል ጣራ ጥግ ድር የምታደራውን ማለቴ አይደለም። እግሯን ስትዘረጋ መዳፍ የምታህል፣ ሰውነቷ ጥቁር፣ ጉልበቶቿ ብርቱካንማ የሆኑ ጸጉራም ፍጡር ናት፤ ታራንቱላ ይሏታል። እናቱ የሰማች ዕለት "ሚስት አግባ ብለው ሸረሪት አገባ!" ብላ ሁለት ቀን አላናገረችውም። እኔ የባዮሎጂ መምህር በመሆኔ ጣጣው ወደ እኔ ዞረ። በቴሌግራም ቪዲዮ ይልክልኛል፤ ከሥሩ የሚጽፈው ሁልጊዜ ያው ነው፦ "ጋሼ፣ ታማ ይሆን?"

አብዛኛውን ጊዜ መልሴ "ደህና ናት፣ ተዋት" የሚል ነው። ተዋት ማለት ግን አትያት ማለት አይደለም። የጌዴኦ ገበሬ ቡናው ሲጠወልግበት ቅጠሉን እያየ አይቆዝምም፤ ሥሩን ጎርጎር አድርጎ አፈሩን በጣቱ ያሻል። የሣጥን ሸረሪት ጠባይም የሚታወቀው እንዲሁ ነው። አትጮህም፣ ፊቷ አይለዋወጥም፤ የሚመቻትንና የማይመቻትን የምታሳየው የት እንደምትቆም በመምረጥ ነው። ስለዚህ ከእሷ በፊት አፈሩ፣ ውሃውና የሣጥኑ ከፍታ ይታያሉ።

መጀመሪያ የላከልኝ ቪዲዮ ላይ ሸረሪቷ የመስታወቱን ግድግዳ ስትወጣ ስትወርድ ታድራለች። ልጁ የጠላችው መስሎት ከፍቶታል። ነገሩ ግን ሌላ ነው። ታራንቱላ ስምንት ዓይን አላት፤ ሆኖም ስምንቱ ተደምረው ብርሃንና ጥላ ከመለየት ብዙም አያልፉም። ዓለሟን የምታውቀው በእግሯ ነው። እግሮቿን የሸፈኑት ጸጉሮች የአየር ሽውታና የመሬት ንዝረት ይሰማሉ፤ አንዳንዶቹም ይቀምሳሉ። አዲስ ሣጥን ውስጥ ስትገባ የምትረግጠው ሁሉ ባዳ ነው፤ ለቀናት፣ አንዳንዴም ለሳምንታት ጥግ ይዛ ትቀመጣለች ወይም ግድግዳ ትቧጥጣለች። መሬቱን በስሱ ድር ማልበስ ስትጀምር ቤቷ አድርጋዋለች ማለት ነው።

ሳምንታት አልፈውም አፈሩን መርገጥ ከተጠየፈች ግን ጥፋቱ የአፈሩ ነው። "እፍኝ አፈር ዘግነህ ጨምቅ" አልኩት። ውሃ በጣቶቹ መሃል ወረደ። የዚህች ዝርያ አገር በሜክሲኮ የሰላማዊ ውቅያኖስ ጠረፍ ያለው፣ የዓመቱን ግማሽ የሚደርቀው ቁጥቋጦ ነው፤ እሱ ደግሞ የይርጋጨፌን ክረምት ሊያወርድላት ነበር። አፈሩ ደረቅ ሲል ወረደች። የመጠጫ ሳህኗ ብቻ ሁልጊዜ ሙሉ ይሁን።

ከዚያ ሁሉ ያስደነገጠኝ የሣጥኑ ቁመት ነበር። ረጅም ሣጥን ያማረ መስሎት ገዝቷል። መሬት ለመሬት የሚኖሩ ታራንቱላዎች ግን ከባድ ሆድ ተሸክመው ሲወጡ ይወድቃሉ፤ ሆዳቸው ስስ ስለሆነ ይፈነዳል፣ ፈሳሻቸውም ፈሶ ይሞታሉ። ከአፈሩ እስከ ክዳኑ ያለው ክፍተት ከተዘረጋ እግሯ አንድ ተኩል ጊዜ ባይበልጥ ይመረጣል። ሌላ ሣጥን አላስገዛሁትም፤ አፈር ጨምርበት አልኩት። እሷም ጉድጓድ መቆፈሪያ አገኘች።

ቀጥሎ ጾሙ መጣ። የእኛ ሁዳዴ 55 ቀን ነው፤ ይህች ግን ወራት ትጾማለች። ልጁ በየማታው ፌንጣ ይጥልላታል፣ እሷ ገፍታ ትሄዳለች። በስልክ ሊያለቅስ ደረሰ። ሆዷን በቅርብ አንስተህ ላክ አልኩት። ጸጉሩ የሳሳበት የሆዷ ጀርባ ከወትሮው ጠቁሮ ያብረቀርቃል፤ አካሄዷ ከብዷል፤ የጉድጓዷንም አፍ በአፈርና በድር ደፍናለች። ይህ በሽታ ሳይሆን ቆዳ ለመቀየር መዘጋጀት ነው፤ ከአሮጌው ቆዳ ሥር አዲሱ እየተሠራ ነው የሚያጠቁረው። "ፌንጣውን ዛሬውኑ አውጣ" አልኩት። ቆዳ በመቀየር ላይ ያለች ሸረሪት ራሷን መከላከል አትችልም፤ ምግቧ ሊሆን የገባው ፌንጣ መልሶ ይበላታል።

ቆዳ የቀየረችበትን ሌሊት እኔም በስልክ አየሁት። በጀርባዋ ተንጋላ እግሮቿን ወደ ላይ ሰቅላለች። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሞተች ብሎ ይጥላታል። ሰዓታት ያልፋሉ፤ ከዚያ የደረቷ ጋሻ ከፊት በኩል ይሰነጠቅና ይነሳል፤ እግሮቿን ከአሮጌው ቆዳ ውስጥ ትንሽ ትንሽ እየሳበች ታወጣቸዋለች። አዲሶቹ መንጋጋዎቿ ሲወጡ እንደ ወተት ነጭ ነበሩ፤ ውለው አድረው ቀልተው፣ በኋላ ጠቆሩ። ጠንክረው እስኪጠቁሩ ምግብ አይሰጣትም። በዚያ ሌሊት ሊረዳት እጁን የሚሰድ ሰው እግር ይቆርጣል፤ የሣጥኑን ክዳን እንኳ መነካካት ክፉ ነው። የተጣለው ቆዳ ግን አይጣልም፤ ሴት መሆኗን ያረጋገጥነው ከቆዳው ውስጠኛ ገጽ ነው።

ታዲያ መፍራት የሚገባው መቼ ነው? በሆዷ እንደቆመች እግሮቿ ሁሉ ከሥሯ ሲታጠፉ። የታራንቱላ እግር የሚታጠፈው በጡንቻ ነው፤ ዋና ዋናዎቹ መገጣጠሚያዎች የሚዘረጉት ግን በሰውነቷ ፈሳሽ ግፊት ነው። ውሃ ሲያንሳት ግፊቱ ይወድቅና እግሮቿ በራሳቸው ይታጠፋሉ። በጀርባ መንጋለል ጤና፣ በሆድ ላይ መኮማተር አደጋ፤ ልጁ ይህን ጽፎ ሣጥኑ ላይ ለጥፎታል። ውሃ ሳህኑ ዳር አፏን አስጠግቶ ማስቀመጥ አንዳንዴ ነፍሷን ይመልሳታል።

ቁጣዋም የራሱ ወግ አለው። አብዛኞቹ የላቲን አሜሪካ ታራንቱላዎች ሲከፋቸው በኋላ እግራቸው ሆዳቸውን ይፍቃሉ፤ የሚበተነው ጸጉር በጫፉ ሾህ ነው። በ2010 እ.ኤ.አ. "ዘ ላንሴት" የተባለው የሕክምና መጽሔት የአንድ እንግሊዛዊ ወጣት ታሪክ አውጥቶ ነበር። ዓይኑ ለሳምንታት ቀልቶ እያለቀሰ ሊድስ ከተማ ሐኪም ቤት ሄደ፤ በአጉሊ መሣሪያ ሲታይ የዓይኑ ብሌን ሽፋን ላይ ቀጫጭን ጸጉሮች ተሰክተዋል። የታራንቱላውን ሣጥን መስታወት እየወለወለ ዞር ሲል የጸጉር ብናኝ ፊቱ ላይ እንደበተነችበት ያኔ ትዝ አለው። ስለዚህ ሣጥን ሲጸዳ መነጽር ይደረጋል፣ እጅም ይታጠባል። የአፍሪካ ዘመዶቻቸው፣ ኬንያና ታንዛኒያ ያሉት፣ ይህ ጸጉር የላቸውም፤ የፊት እግራቸውን አንስተው መንጋጋቸውን ያሳያሉ፣ ካልሸሹላቸው ይነክሳሉ። ንክሻቸው በጣም ያማል፤ ሰው ስለመግደላቸው ግን የተረጋገጠ ነገር የለም።

ልጁ በፍቅር የሚልክልኝ አንድ ቪዲዮ አለ። ፌንጣውን ይዛ ባለችበት ትሽከረከራለች፣ ሆዷን ዝቅ ከፍ ታደርጋለች። "ጋሼ፣ ደስ ብሏት ስትጨፍር!" ይላል። ምግቧ እንዳይበታተን መሬቱን በድር እያነጠፈች ነው፤ እሱ ግን ጭፈራ ነው ብሎ ቀርቷል፤ አልተከራከርኩትም። ብቸኝነቷ ግን ያሳዝነዋል፤ ጓደኛ ልግዛላት አለኝ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለውን አባባላችንን ታራንቱላ አልሰማችም፤ ሁለቱን አንድ ሣጥን ውስጥ ብታስገባቸው ጠዋት የምታገኘው አንድ ነው። ከዚህ ሕግ የሚያፈነግጠው፣ በሕብረት በመኖሩ የታወቀው፣ እግሩ ሰማያዊ የሆነው የሶኮትራ ደሴት ታራንቱላ ነው።

ደግሞም ዕድሜ አለ። የዚህች ዝርያ ሴት ከ20 ዓመት በላይ ትኖራለች፤ ወንዱ ግን ለአካለ መጠን ከደረሰ በኋላ ብዙም አይቆይም። ይህን ስነግረው ልጁ ዝም አለ። ውሻ ቢገዛ ኖሮ ይሻለው ነበር ማለቴ አይደለም፤ ግን ሸረሪት የገዛ ሰው ከልጆቹ ጋር የምታድግ እንግዳ እንደተቀበለ ይወቀው። ዝርያዋ ለንግድ ከዱር እየተለቀመ በማለቁም ከ1985 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ንግዷ በዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ነው።

ቪዲዮዎቹን ያየ ተማሪ ሁሉ "እኛስ ከጓሮ ይዘን በሣጥን ብናሳድግ?" ይለኛል። አይሆንም ነው መልሴ። በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ የሰፈረው የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር እኮ ዋንዛው፣ ብርብራው፣ እንሰቱና ቡናው ብቻ አይደለም፤ ከሥራቸው የረገፈው ቅጠልና በቅጠሉ ውስጥ የሚያድነው ሸረሪትም አለበት። እዚያ ለማየት ሣጥን አያስፈልግም። ዝናብ ያባራ ማታ ባትሪያችሁን ግንባራችሁ ላይ አስጠግታችሁ ቡናው ሥር አብሩ። ቅጠሉ መሃል ነጠብጣብ አረንጓዴ ብርሃን ብልጭ ሲል ካያችሁ፣ የጤዛ ጠብታ ካልሆነ የተኩላ ሸረሪት ዓይን ነው። ቀረብ ስትሉ ዕንቁላሏን በነጭ ከረጢት ከኋላዋ አስራ ስትጎትት፣ ወይም የተፈለፈሉትን ጀርባዋ ላይ አዝላ ልታገኟት ትችላላችሁ። እፍ አትበሉባት፤ ትንፋሽ ሲነካት ትሸሻለች።