ላምን በድራት ሰዓቷ አለማዳቀል የሦስት ሳምንት ኪሳራ ያስከትላል

ሰው ሠራሽ የማዳቀል ዘዴ ከአንድ የተመረጠ ኮርማ በሚወሰድ አባለ ዘር በርካታ ላሞችን ለማዳቀል የሚያስችል በመሆኑ ለዝርያ ማሻሻል ሥራ ዓይነተኛ መሣሪያ ነው። በኢትዮጵያም አገልግሎቱን ለማስፋፋት እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ በቃሊቲ ብሔራዊ ማዕከል ተቋቁሟል።

አባለ ዘሩ በፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ከዜሮ በታች በ196 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲቀመጥ ለዓመታት ሳይበላሽ ይቆያል። የላሟ ድራት፣ ማለትም ኮርማ የምትፈልግበት ጊዜ ግን ብዙውን ጊዜ ከአንድ ቀን አያልፍም። በአገር በቀል ዝርያዎች ደግሞ ምልክቱ ደካማና አጭር በመሆኑ በቀላሉ ሊታለፍ ይችላል።

ዋነኛው ምልክት ላሟ ሌሎች ከብቶች ሲወጡባት ሳትሸሽ መቆሟ ነው። መቁነጥነጥ፣ መጮህና ከብልቷ የጠራ ዝልግልግ ፈሳሽ መውጣቱም ተጨማሪ ምልክቶች ናቸው። በተለመደው አሠራር ምልክቱ ጠዋት የታየባት ላም በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ፣ ከሰዓት በኋላ የታየባት ደግሞ በማግስቱ ጠዋት ትዳቀላለች።

ይህ ጊዜ ካለፈ ቀጣዩን ድራት በአማካይ 21 ቀናት መጠበቅ ግድ ይላል። አርሶ አደሩም ጥጃውንና ወተቱን በዚያው ልክ ዘግይቶ ያገኛል።

የበርካታ ላሞችን ድራት በሆርሞን መርፌ በአንድ ወቅት ማምጣት ይቻላል፤ ይሁንና አስቀድሞ የእርግዝና ምርመራ ካልተደረገ ያረገዘች ላም ጽንሷ ሊጨናገፍ ይችላል።

ድራት ቅዳሜና እሑድን ወይም በዓልን አይለይም። በመሆኑም የወረዳ ጽሕፈት ቤቶች የአዳቃይ ቴክኒሻኖችን የተረኝነት መርሐ ግብር፣ መጓጓዣና የናይትሮጅን አቅርቦት አስቀድመው ማመቻቸታቸው ከኮርማው ምርጫ ባልተናነሰ የሥራውን ውጤት ይወስናል።